ሻፌታና ጎጆ፦ የሀዋሳ ወጣት ከአደባባይ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደበት መንገድ

የጉዳይ ጥናት

ሲዳማ የራሱ ክልል ይሁን ወይስ በደቡብ ክልል ውስጥ ይቀጥል በሚል ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከተመዘገበው 2,280,147 መራጭ ውስጥ ካርድ ወስዶ ሳይመጣ የቀረው 3,084 ሰው ነው። ጣቢያዎቹ 1,692 ነበሩ። ሲካፈል በአንድ ጣቢያ የቀረው ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም፤ አንዱ ታሞ፣ አንዱ ለቅሶ ሄዶ ቢባል አለቀ።

ይህን ቁጥር አንዱ «ሕዝቡ በአንድ ልብ ወጣ» ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው «እንዲህ ያለ ተሳትፎ የት ታይቶ?» ብሎ ይጠራጠረዋል። ሁለቱም የሚዘሉት ነገር አለ። 99.86 በመቶ የተባለው ተሳትፎ የተሰላው ከተመዘገበው ሰው ነው እንጂ ዕድሜው ለመምረጥ ከደረሰው ነዋሪ ሁሉ አይደለም። ካርድ ለመውሰድ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁንም ይሰጣል። ዋናው ሥራ እንግዲህ ያለቀው በድምፁ ቀን ሳይሆን ከጥቅምት 26 እስከ ኅዳር 5 በነበሩት 10 የምዝገባ ቀናት ነው። ወጣት አደራጅ ነኝ የሚል ሁሉ ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሊያጠና የሚገባው እነዚያን 10 ቀናት ነው። ነገር ግን እነሱን ለመረዳት አራት ወር ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። በአገራችን ፓርቲዎች ራሳቸውን «ወግ አጥባቂ» ብለው ሲጠሩ ብዙም አይሰማም። ስሙ አይለመድ እንጂ ነገሩ አለ። ሽማግሌ ይሰማ፣ የአባት ደንብ አይጣስ፣ ለውጥም ቢመጣ በሥርዓቱ ይምጣ የሚል ፖለቲካ ወግ አጥባቂ ከተባለ፣ በሲዳማ ጥያቄ ውስጥ አንዱ እግር እሱ ነበር። ሌላው እግር ኤጄቶ የተባለው የሲዳማ ወጣቶች እንቅስቃሴ ነው፤ ስልኩን በእጁ የያዘ፣ ቀን የቆረጠ፣ መጠበቅ የሰለቸው ወጣት። የሀዋሳ ጉዳይ ሁለቱ እግሮች አንድ ጊዜ ተጠላልፈው ሲወድቁ፣ ሌላ ጊዜ ተስማምተው ሲራመዱ ያሳያል።

አንድ ዓመት ከመቼ ይቆጠራል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 አዲስ ክልል የሚመሠረትበትን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የጠያቂው ብሔር ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይቀበልና ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል። የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አብላጫው ከደገፈ የክልሉ ምክር ቤት ሥልጣኑን ያስረክባል። አዲሱ ክልል ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ ያሳለፈው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ነው። ዓመቱ ከዚያ ዕለት ከተቆጠረ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ላይ ይሞላል። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር ነውና ቀኑ ሲጻፍ 11/11/11 ሆነ። ለቀስቃሽ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም። ሕገ መንግሥቱን ገልጦ የማያውቅ ልጅ ቀኑን በቃሉ ያዘ። ግድግዳ ላይ ለመጻፍ ይመቻል፣ በፌስቡክ ለማሰራጨት ይመቻል፣ ለዘፈንም ይመቻል።

ችግሩ ያለው «በአንድ ዓመት ውስጥ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። ዓመቱ ካለፈ ምን ይሆናል? አንቀጹ ዝም ይላል። ኤጄቶ ዝምታውን «ካለፈ እኛው እናውጃለን» ብሎ ሞላው። ክልሉ ጥያቄውን ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ያስተላለፈው ከዞኑ ውሳኔ ወራት ቆይቶ ስለነበር የቦርዱ የሰዓት ቆጣሪ ከወጣቱ ቆጣሪ ጋር አልገጠመም። በወቅቱ በብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ቦርድ ሕዝበ ውሳኔው በአምስት ወር ውስጥ እንደሚካሄድ ያሳወቀው ሐምሌ 8 ቀን 2011 ነው፤ ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው። የሲዳማ አርነት ንቅናቄ (ሲአን) በዋዜማው ማራዘሙን ተቀበለ።

አንድ ዓመት ሙሉ የተዘመረ ቀን በሦስት ቀን አይሻርም። ሐምሌ 11 በሀዋሳና በሌሎች የሲዳማ ከተሞች ወጣቱና የጸጥታ ኃይሎች ተጋጩ፤ በጥይት ሰው ሞተ። በቀጣዮቹ ቀናት በተለያዩ አካባቢዎች ሲዳማ ያልሆኑ ነዋሪዎች ተጠቁ፣ ቤትና ንብረት ተቃጠለ፣ በርካቶች ተፈናቀሉ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። የክልሉን ጸጥታ የፌዴራል ኃይል ተረከበ።

ይህን ሁሉ በወጣቱ ችኩልነት ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ግን አያስተምርም። የአደራጅ ስህተት ፍለጋ ከገባን ሦስት ቦታ እናገኘዋለን። አንደኛ፣ ቀኑ ሲለጠፍ «ባይሆንስ?» የሚለው ሁለተኛ መስመር አብሮት አልተለጠፈም። ቀን ቃል ኪዳን ነው፤ የሚፈጽመው አካል ማን እንደሆነ፣ ባይፈጽም በሕግ ምን እንደሚደረግ፣ «ጠብቁ» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ከሥሩ ካልተጻፈ የፈረሰ ዕለት ንዴት ብቻ ይተርፋል። ሁለተኛ፣ የወጣቱ መረብ በስልክ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ኔትወርክ ሲቆረጥ «ተመለሱ» የሚለው መልእክት የሚሄድበት መንገድም አብሮ ተቆረጠ፤ ወሬ ግን ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሲዳማ ባይሆን እንኳ የጥያቄው ጠላት እንዳልሆነ ለወጣቱ አስቀድሞ የነገረው አልነበረም፤ ቢነግረውም በበቂ አልነገረውም። ከሦስቱ ከባዱ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአሠራር ጉድለት ናቸው፣ ይሄኛው የሰው ሕይወት ያስከፈለ ጉድለት ነው።

ከጥንት የቆየው መዋቅር

ከሐምሌ በኋላ አደባባይ ተዘጋ፤ ሥራው ወደ ሰፈር ገባ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ከማንኛውም ኮሚቴ በፊት የነበረ መዋቅር አለ።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ሶንጎ ይባላል። በሶንጎ ጉዳይ የሚከፈተው «አፊኒ?» ተብሎ ነው፤ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት። ጥያቄው ለወግ ያህል የሚባል አይደለም። የሰማ የሰማውን ያስቀምጣል፣ ያልሰማ ይሰማል፣ ሁሉም እኩል ካወቀ በኋላ ነው ወደ ፍርድ የሚኬደው። ከቀበሌ ስብሰባ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በቀበሌው ስብሰባ አጀንዳው ተነቦ፣ አስተያየት ተሰጥቶ፣ «በአብላጫ ድምፅ» ይባልና ያልተዋጠለት ሰው ኩርፊያውን ይዞ ቤቱ ይገባል። አፊኒ ጊዜ ይፈጃል፤ በምትኩ ተኮራፊን ይቀንሳል።

ሉዋ የሚባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓት ደግሞ ለወጣቱ ቦታ ይሰጠዋል። ደራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳና ሞጊሳ በሚባሉት አምስት እርከኖች ተራ በተራ የሚገባው ትውልድ ጋዳና በሚባል መሪ ሥር ይሰለፋል። ሐሳቡ ዛሬ ወጣት የሆነ ነገ ጪሜሳ (የበቃ ሽማግሌ) ይሆናል ነው፤ ወጣትነት ሽማግሌን የሚገለብጥ ወገን ሳይሆን ተራውን የሚጠብቅ ወገን ነው። ሴቶችም ያካ የሚባል የራሳቸው ስብስብ አላቸው፤ ቃሪቾ የምትባል ሴት ትመራዋለች፣ ሲቆ የሚባለውን በትር ይዘው ሲወጡ የሚዳፈራቸው የለም። የወጣት ክበብ ለማቋቋም የሚነሳ ሰው ከዜሮ የሚጀምር ይመስለዋል፤ ሀዋሳ ላይ ግን ከዜሮ መጀመር ሞኝነት ነው።

በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ከበዓልነቱ ሌላ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ነው ቢባል አልተጋነነም። ቀኑን አያንቶዎች ከዋክብት አይተው ይቆርጣሉ፣ ለጎሳዎቹ ይነገራል። በመጀመሪያው ቀን ሕፃናት ከቤት ቤት እየዞሩ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ከቆጮ በወተትና በቅቤ የተሠራውን ቡሪሳሜ ይበላሉ። የጎሳ መሪዎች በአደባባይ ምክር ይሰጣሉ፦ ሥራ፣ ታላቅን አክብር፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጥ፣ በሐሰት አትመስክር፣ አትስረቅ። ሀዋሳ ውስጥ ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ ሜዳ ላይ ቄጣላ (የበዓሉ የሰልፍ ጭፈራ) ሲወርድ ሰልፉ በጎሳና በዕድሜ እንጂ በዘፈቀደ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ቄጣላ ላይ የወጣ ልጅ በሰልፍ መቆም፣ ተራ መጠበቅና የአንድ ሰው ድምፅ መስማት ተምሯል። የፖለቲካ ፓርቲዎች በወርክሾፕ ሊያስተምሩ የሚደክሙት ይህንኑ ነው።

መዋቅሩ ጎዶሎም አለው፤ ሊሸፈን አይገባም። ሶንጎ በባህሉ የወንዶች መቀመጫ ነው። የከተማ ልጅ፣ በተለይ ወላጆቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ ከሆነ፣ ሉዋ ውስጥ ስሙ የለም። ሽማግሌው ከተናገረ በኋላ ወጣት መቃወም ይከብደዋል። ሀዋሳ ደግሞ የስምንት ክፍለ ከተማ ከተማ ናት። መናኸሪያ ወይም መሀል ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ቋንቋ ይሰማል፤ ሀዌላ ቱላ ብትሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። ለሀዌላ ቱላ የሚሠራ የሽማግሌ መልእክት መናኸሪያ ላይ አፍ አጥቶ ይቀራል።

በወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለት ሥዕሎች

የሕዝበ ውሳኔው ወረቀት ሁለት ምርጫ ነበረው። ሲዳማ ክልል ይሁን የሚለው ምልክቱ ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል ውስጥ ይቀጥል የሚለው ምልክቱ ጎጆ ነበር።

ሻፌታ ቤተሰብ ከቦ የሚበላበት ባህላዊ ገበታ ነው፤ የፍቼ ቡሪሳሜ የሚቀርበውም በሱ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ሻፌታን ስታይ ማንም ሊያብራራላት አያስፈልግም። ጎጆ ደግሞ በደቡብ የማይኖርበት ብሔረሰብ ስለሌለ የሁሉም ነው፣ ያም ማለት የማንም ልብ ውስጥ ለብቻው አይገባም። ምልክት ለብቻው ውጤት ይወስናል ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ያለ ምልክትም ያው ይሆን ነበር። ነገር ግን ሻፌታ ቅስቀሳውን ከመፈክር ወደ ቤት ዕቃ አወረደው። የሁለት ሰዓት ንግግር የሚያስረዳውን ነገር የአንድ ዕቃ ሥዕል አስረዳው። ክበብ ወይም ፓርቲ ምልክት ሲመርጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለመሪዎቹ ትርጉም ያለውን እንጂ በመራጩ ማጀት ውስጥ ያለውን አይመርጥም።

10 የምዝገባ ቀናት

ድምፁ መጀመሪያ ታስቦ የነበረው ለኅዳር 3 ነው፤ በአንድ ሳምንት ተገፍቶ ኅዳር 10 ሆነ። ምዝገባው ኅዳር 5 ሲዘጋ እስከ ድምፁ ቀን የቀሩት ሙሉ ቀናት አራት ብቻ ናቸው። ኅዳር 6 ጠዋት «ካርድ ረሳሁ» ያለ ሰው መድኃኒት የለውም።

ሒሳቡን እንሥራው። 2,280,147 ለ1,692 ሲካፈል በአማካይ በአንድ ጣቢያ 1,348 ሰው ገደማ ነው። በ10 ቀን ሲካፈል በቀን 135 ሰው፤ መዝጋቢው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በሰዓት 17 ሰው። ይህ የሚቻል ሥራ ነው። የማይቻል የሚሆነው ሰው እንደ ልማዱ ሰባት ቀን ተቀምጦ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀን ሲግተለተል ነው፤ ያኔ በሰዓት 17 የነበረው ከ50 ይበልጣል፣ መዝጋቢው ስም ያሳስታል፣ ወረፋ የሰለቸው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ለምዝገባ ከሚሠራ ማንኛውም ቡድን የሚጠበቀው መቀስቀስ ሳይሆን መደልደል ነው። ሰኞ ይህ መንደር፣ ማክሰኞ ያ መንደር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት የቀሩት ብቻ።

ድልድሉ የሚሠራው በስም ዝርዝር ነው። አንድ ወጣት 20 ቤት ይይዛል። በደብተሩ ላይ በየቤቱ ለሚኖር እያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ይጽፋል፦ ዕድሜ፣ በቦታው የኖረበት ጊዜ፣ የቀበሌ መታወቂያ አለው የለውም፣ ተመዝግቧል አልተመዘገበም። አምስተኛ ዓምድ አያስፈልግም። «ማንን ትደግፋለህ» የሚል ዓምድ የጨመረ ሰው ምዝገባን ወደ ስለላ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚከፍትለት አይኖርም፣ አለመክፈታቸውም ልክ ነው።

ከአራቱ ዓምዶች ብዙ ጣጣ የሚያመጣው የመጀመሪያው ነው። አደባባይ የወጣው ሰው ቁጥርና ካርድ የሚያወጣው ሰው ቁጥር አይገጥምም፤ ምክንያቱም በብሔራዊው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው፣ ለመምረጥ ግን 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በሰልፍ ላይ ፊት ለፊት የሚታየው፣ ድምፁ ጎላ ያለው፣ ብዙ ጊዜ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ሎቄ ላይ በሰልፈኛ ላይ ጥይት በተተኮሰበት ዕለት የተወለደ ልጅ፣ ስለ ሎቄ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ገና 17 ዓመት ተኩል ነበር። ድምፅ መስጠት አይችልም። እንዲህ ያለውን ልጅ «አንተ አትቆጠርም» ማለት ያስቆጣዋል። ሥራ መስጠት ግን ይቻላል፦ አቅመ ደካማን አጅቦ ጣቢያ ማድረስ፣ ወረፋ ላይ ለቆሙ ውኃ ማቅረብ፣ ደብተር መያዝ። ዕድሜን ማጭበርበር ግን አንድም ቢሆን የጣቢያውን መዝገብ በሙሉ ለክርክር ይከፍታል።

በምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ይህ ሀዋሳ ላይ የሚነካው ሁለት ዓይነት ወጣት ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሌላዋ በ2008 በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ናት። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ መታወቂያዋ የትውልድ ቀበሌዋ ነው፤ በፈረቃ ስለምትሠራ መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ባለበት ሰዓት እሷ ማሽን ላይ ናት። አከራይዋ ስለ መታወቂያ ሲጠየቅ ግብር የመጣበት እየመሰለው ይሸሻል። ስለ ወጣቶች ተሳትፎ የሚያወራ ሁሉ ካፌ የሚቀመጠውን ወንድ ልጅ እያሰበ ነው የሚያወራው፤ ሀዋሳ ውስጥ የመታወቂያና የፈረቃ ችግር ያለባት ግን ይህች ልጅ ናት። ለእሷ የሚሆነው ንግግር ሳይሆን ምዝገባው ከመጀመሩ ወራት አስቀድሞ መታወቂያዋን ማስተካከል፣ ከዚያም የፈረቃዋን ሰዓት ከመዝጋቢው ሰዓት ጋር ማጋጠም ነው።

32 ሰከንድ

በድምፁ ቀን ሰው ሳይነጋ ተሰለፈ። ጣቢያ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ከሆነ 720 ደቂቃ ነው። በአንድ ጣቢያ በአማካይ 1,346 ሰው ድምፅ ከሰጠ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 32 ሰከንድ ነው። በዚያ 32 ሰከንድ ውስጥ ካርድ ይታያል፣ ስም ከመዝገብ ይፈለጋል፣ ይፈረማል፣ ጣት የማይለቅ ቀለም ይነካል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ሚስጥራዊው ቦታ ገብቶ ምልክት ይደረጋል፣ ወረቀቱ ታጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ይገባል። ሥራው የሚሄደው አንዱ ሲፈርም ሌላው ቀለም ስለሚነካ ነው። የሚያንቀው ቦታ መዝገቡ ላይ ስም መፈለጉ ነው፤ ፈላጊው አንድ ሰው ነው፣ ስሙ «ቱ» ላይ ይሁን «ጡ» ላይ የሚታወቅ ነገር የለም። በካርዱ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር በቃሉ የያዘ መራጭ 10 ሰከንድ ያድናል። ይህን ማስተማር አምስት ደቂቃ የሚበቃው ሥራ ነው፤ ግን ማንም መድረክ ላይ ወጥቶ አያስተምረውም፤ ጭብጨባ የለውማ።

ሌላ ያልተወራ ቁጥር አለ። ከተሰጠው 2,277,063 ድምፅ ውስጥ 18,351 ዋጋ አልባ ሆኖ ተጥሏል። ይህ ሳይመጡ ከቀሩት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ሁለት ሥዕል ብቻ ባለበት ወረቀት ላይ፣ ሌሊት ወጥቶ ተሰልፎ፣ ድምፁ የጠፋበት ሰው ካልመጣው ሰው በስድስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። አንዳንዱ ሆን ብሎ ያበላሸው ሊሆን ይችላል። ከሳጥን ውጭ የፈረመ፣ ሁለቱም ላይ ምልክት ያደረገ፣ ባዶ ያስገባም ይኖራል። ቀስቃሹ ጉልበቱን በሙሉ «ውጡ!» በማለት ላይ ካፈሰሰ የሚያጣው ይህንን ነው። ወረቀት የሚመስል ነገር በእጅ ስሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ምልክት ማስደረግና እንዴት እንደሚታጠፍ ማሳየት ከአንድ ሙሉ ቀን ድምፅ ማጉያ ይበልጣል። በድምፁ ቀን ግን እጅ መሰብሰብ ነው። መራጩን እስከ ሚስጥራዊው ቦታ የሚከተል «ረዳት» ድምፁን ከማዳን ይልቅ ያስሰርዘዋል። በወላይታ ዞን ጥር 29 ቀን 2015 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ የተሰጠው ድምፅ በታዩ ጥሰቶች ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደ አዲስ እንዲካሄድ ተደርጓል። አራት ወር ተኩል የፈጀ መዘግየት ነው።

ከዚያ በኋላ

ሻፌታ 2,225,249 ድምፅ፣ 98.51 በመቶ አገኘ። ክልሉ በሰኔ 2012 አሥረኛው የፌዴሬሽኑ አባል ሆኖ ተመሠረተ። ቀጣዩ የድምፅ ቀን ሰኔ 14 ቀን 2013 የተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ነው፤ ያ የሎቄ ዕለት ልጅም 19 ሞልቶት ነበር።

በእኛ ግምት ትልቁ ጉድለት ያለው በሁለቱ ቀናት መካከል ነው። አዎ ወይም አይ ለሚል ጥያቄ የተገነባ ማሽን «ከእነዚህ እጩዎች ማንኛው?» የሚለውን አይመልስም። ኤጄቶ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ጥያቄው ተመለሰ። ደብተር ይዞ 20 ቤት የሚያውቅ ወጣት፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት የቀበሌውን በጀት፣ የውኃ ቦኖውን፣ የመሬት አሰጣጡን የሚከታተል ሊሆን ይችል ነበር። ለዚህ ግን ቀን የተቆረጠለት መፈክር አልነበረም።

ወግ ላይ የቆመ የወጣቶች ክበብ ማቋቋም የሚፈልግ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ፓርቲ ለመሆን መቸኮል አያስፈልግም፤ በአዋጁ ክልላዊ ፓርቲ 4,000፣ አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000 መሥራች አባል ይጠየቃል። በወር አንድ ጊዜ 25 ሰው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንድ ጉዳይ ይበቃል። የሚታየው ጉዳይ ጣት የሚጠቆምበት ይሁን፦ የተቋረጠ መንገድ፣ ያልተከፈተ ጤና ጣቢያ። ስብሰባው በአፊኒ ይከፈት፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይገልበጥ፣ ታናሹ ቀድሞ ይናገር። ሽማግሌው ከጀመረ ታናሹ «እንዳባቴ ቃል» ብሎ ይቀመጣል፣ የልቡን ይዞት ወደ ፌስቡክ ይሄዳል። ታናሹ ከጀመረ ሽማግሌው የመዝጊያውን ቃል አያጣም፤ ክብሩም አይቀንስም፣ በሶንጎም ቢሆን የሚመዝን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

ስብሰባው ወደ አደባባይ የሚወጣ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዛል፤ ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ሰልፍ ከሆነ የሚሄድበት መንገድ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይገባበታል። ጽሕፈት ቤቱ ቦታ ወይም ጊዜ እንዲለወጥ ከፈለገ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ወስዶ አንዱን ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም አስመትቶ መመለስ አይዘንጋ፤ ያለዚያ 48 ሰዓቱ ከመቼ እንደሚቆጠር ክርክር ይነሳል፣ ከመቼ ይቆጠራል የሚል ክርክር ደግሞ ሀዋሳ ምን እንዳስከፈለ ታይቷል።

የቀረ አንድ ቁጥር አለ። ጎጆ 33,463 ድምፅ አግኝቷል፤ ለእሱ በየአደባባዩ የሚታይ ቅስቀሳ ሳይኖር። በአማካይ በአንድ ጣቢያ 20 ሰው ገደማ። ሌሊት በዚያው ሰልፍ ላይ ቆመው፣ የፊታቸውንና የኋላቸውን ሰው ሰላም ብለው፣ ገብተው ጎጆ ላይ ምልክት አድርገው የወጡ ሰዎች ናቸው። ማን እንደሆኑ አይታወቅም፣ ሊታወቅም አይገባም፤ ከመካከላቸው ወጣት እንደማይጠፋ ግን መገመት ይቻላል። አዲሱ ክበብ 25 ወንበር ሲደረድር ከወንበሮቹ ባንዱ ላይ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ሊቀመጥ ይችላል። አፊኒ ሲባል አፉን ይከፍት እንደሆነ የመጀመሪያው ስብሰባ ያሳያል።